ሬቪትና አርኪካድ በአንድ ሕንፃ ላይ፦ እስካሁን የደረስንበት

አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራበት ቢሮ ሕንፃዎቹን የሚነድፈው በሬቪት ነው፤ ይህ የሕንፃን ሞዴል በኮምፒውተር በሦስት አውታር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በአንድ ቅይጥ አገልግሎት ሕንፃ አብሮን የሚሠራው ቢሮ ደግሞ አርኪካድ የተባለ ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም ይጠቀማል። የእኔ ድርሻ በሁለቱ መካከል እየተመላለስኩ የሞዴል አሠራራችንን ማካፈልና የእነሱንም መማር ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለምትጀምሩ የሙያ ባልደረቦች ይጠቅም ይሆናል ብዬ የደረስንበትን እጽፋለሁ።

አንድም ግድግዳ ሳይሳል በመነሻ ነጥብ ላይ ተስማማን። ቀያሹ የሰጠን ልኬት በአዲንዳን ዳተም (የምድር ልኬት መነሻ ሥርዓት)፣ በዩቲኤም (ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በሜትር በሚቆጥር የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 የተያዘ ነው። በዚህ ሥርዓት አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። ሬቪት ግን ከውስጣዊ መነሻው (ከራሱ ዜሮ ነጥብ) ከ16 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ የራቀ ነገር ሲሰጠው ልኬቱ ይዛባል፤ መስመሮቹም ይሰባበራሉ። ስለዚህ ሀ እና 1 የተባሉት የምሰሶ መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ ዜሮ አድርገን፣ ትክክለኛውን የቦታ ልኬት ሞዴሉን ከእውነተኛው ቦታ ጋር በሚያያይዘው የቅየሳ ነጥብ ላይ ብቻ መዘገብን። ሁለቱም ቢሮዎች ይህንኑ ስለያዙ ሞዴሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ በትክክል ያርፋሉ።

ከፍታም እንዲሁ ስምምነት ይፈልጋል። አንዱ ቢሮ የወለል ከፍታን ከኮንክሪቱ አናት ቢለካ፣ ሌላው ከሊሾውና ከሴራሚኩ በላይ ቢለካ፣ የደረጃው የመጨረሻ እርከን ከፍታ ከሌሎቹ ይለያል። እኛ የተጠናቀቀውን ወለል መርጠናል፤ የስትራክቸር መሐንዲሱም ይህንን በጽሑፍ ተቀብሎታል።

ሞዴሎቹን የምንለዋወጠው በአይኤፍሲ ነው፤ ይህ የተለያዩ ፕሮግራሞች ሊያነቡት የሚችሉት የጋራ የፋይል ዓይነት ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፦ ከሌላው ቢሮ የመጣን የአይኤፍሲ ፋይል ከፍቶ ማረም አይገባም። ፋይሉ መመልከቻና ማመሳከሪያ ነው። ግድግዳው የሚስተካከለው በሠራው ቢሮ ነው፤ ሌላው አስተያየቱን ጽፎ ይልካል። ይህ ሥርዓት ካልተከበረ የትኛው ሞዴል እውነተኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ጣጣው የሚወርደውም በግንባታው ቦታ ላይ ባለው ፎርማን ላይ ነው።

ከአርኪካዱ ቢሮ ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ምደባ ነው። እያንዳንዱን አካል ሲስሉ ወዲያውኑ ግድግዳ፣ ወለል ወይም መሸፈኛ ብለው ይመድቡታል፤ ወደ አይኤፍሲ ሲላክም ማንነቱን ይዞ ይወጣል። በሬቪት ደግሞ በጄኔሪክ ሞዴል (ዓይነቱ ባልተለየ አጠቃላይ ምድብ) ስር የተሠራ ነገር ምንነቱ ያልታወቀ አካል ሆኖ ስለሚወጣ በሥራ መጠን ቆጠራ ላይ ይጠፋል። ይህን ካየን ወዲህ የድንጋይ ልባሱን በሙሉ በግድግዳ ምድብ እንደገና ሠርተነዋል። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነበር!

ማስተማሩን በተመለከተ፣ ስላይድ ትተን ሁለት ሰዎችን አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠን በእውነተኛው ሕንፃ ላይ ማሠራት እጅግ የተሻለ ሆኖልናል። የፍሳሽ ቧንቧ የኮንክሪቱን አግዳሚ ሰንጥቆ ሲያልፍ በዓይኑ ያየ ወጣት አርክቴክት ሁለተኛ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን የቀረን የብሎኬት ግድግዳዎችን ስያሜ አንድ ማድረግ ነው፤ ባለ 20፣ ባለ 15 እና ባለ 10 ሳንቲሜትር፣ ከልስኑ ጋር። የስም ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ በሁለቱም ቢሮዎች እየታየ ነው።