ኤቲኤሙ ጋ ቆሜ
ትናንት ማታ ታክሲዬን አቁሜ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብዬ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ልጫወት ገባሁ። ቬጋስ ላይ «አንድ ሰዓት ብቻ» የሚባል ነገር እንደሌለ ስምንት ዓመት ኖሬም አልገባኝም።

እጄ ላይ የልብ አስና የልብ አስር አሉ። ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት አራት ካርታዎች ሁለቱ ልብ ናቸው። የቀረችው አምስተኛ ካርታ ልብ ብትሆን አምስት ልብ ይሞላልኛል፤ አለቀ! መሀል ላይ 180 ዶላር አለ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ 150 ጨመሩበት፤ ለመቀጠል እኔም ያንኑ መክፈል አለብኝ።

ሒሳቡን አውቀዋለሁ እኮ። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ብቻ ናቸው። አምስቴ ብሞክር አንዴ ቢሳካልኝ ነው። በዚህ ዕድል 330 ለማግኘት 150 መክፈል አያዋጣም። ሆዴ ግን «ትመጣለች» አለኝ። የመጣችው ጥቁር ሰባት ናት።

እሱስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ተነስቼ እንደ መሄድ እልህ ያዘኝና ከኤቲኤም ሌላ 200 አወጣሁ። ማሽኑ «ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» ሲለኝ እንኳ አፈርኩ። ከዚያ በማይረባ ካርታ ሁሉ እየገባሁ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት። ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት ይላሉ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ሥራ እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ነው» አልኳት። ደግነቱ ፌስቡክ አትጠቀምም።