ሪባኑን ካወለቅኩ በኋላ

በየዓመቱ ኅዳር 16 ሲመጣ ደረቴ ላይ ነጭ ሪባን ለጥፌ መድረክ እወጣ ነበር። የወንጀል ሕግ መምህር ነኝ። በዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ስለ ጾታዊ ጥቃት ዝግጅት ሲኖር የሚጠራው ወንድ እኔ ነኝ። እናገራለሁ፣ ይጨበጨብልኛል፣ ቆሎና ለስላሳ ይቀርባል። ታኅሣሥ 1 ላይ ጾታዊ ጥቃትን የምንቃወምባቸው አሥራ ስድስቱ ቀናት ያልቃሉ፣ ሪባኑም ወደ መሳቢያዬ ይመለሳል። አምስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አዳራሹን የሚሞሉት ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ናቸው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ጥቃት አድራሽ ያልሆኑትን ሰብስቤ ጥቃት አታድርሱ እል ነበር።

መጀመሪያ የነቀነቀችኝ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚደነግገውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 620 እያስተማርኩ ነው። የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ደርድሬያለሁ፤ ኃይል፣ ዛቻ፣ ራስን መከላከል እንዳትችል ማድረግ። ቅጣቱ በመደበኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት። እጇን አወጣች። «መምህር፣ እዚህ ጋ "ከጋብቻ ውጪ" የሚሉት ሁለት ቃላት ምን ይሠራሉ?» አለች። ያንን አንቀጽ ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ አንቀጹ እንደማይነካው አውቃለሁ፤ ግን ቆም ብዬ አስቤበት አላውቅም። ለእኔ የቃላት ጉዳይ ነበር፣ ለእሷ ግን አልነበረም።

ያን ቀን ከክፍል ስወጣ ወደ ድሮው ሕግ ተመለስኩ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሰርዞ በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት አያድንም አለ። ያ የመጣው ሴቶች፣ በተለይ ሴት የሕግ ባለሙያዎች፣ ዓመታት ስለጮኹ ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ታሪክ ሳልነግር አንቀጽ 620ን አስተምሬ አላውቅም።

ሁለተኛዋ የጾታ ጉዳይ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ናት። ለሚቀጥለው ኅዳር ምን ልናገር ብዬ ሄድኩ። «ንግግሩን እኛ እንችልበታለን» አለችኝ። «ሴኔት ላይ እጅ የምታወጣው ግን አንተ ነህ። ኳስ ሜዳም የሚያስገቡህ አንተን ነው።» ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። የሚጨበጨብልኝን ነገር ነው የወሰደችብኝ።

እናም ኳስ ሜዳ ሄድኩ። ረቡዕ ረቡዕ ልምምድ ሳይጀመር ግማሽ ሰዓት አሠልጣኙን ለመንኩት። ስለ መብት አላወራሁም። ስለ ለከፋ ነው የጠየቅኳቸው። «ጨዋታ እኮ ነው መምህር!» አሉኝ። ቀጠልኩ፤ «ብቻችሁን ስትሆኑስ ትለክፋላችሁ?» ተሳሳቁ። አንዱ በረኛ ጓንቱን እያጠለቀ «ብቻዬን ከሆንኩማ አፍራለሁ» አለ።

ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ጽሑፍ ያላገኘሁትን አገኘሁ። ለከፋው ለልጅቷ አይደለም። ለጀለሶቹ ነው። እሷ መንገድ ላይ ያለች ዕቃ ናት፤ ተመልካቾቹ እኛ ነን። ተመልካቹ ካልሳቀ ትርዒቱ ይሞታል። ስለዚህ ጀግና ሁኑ፣ ተጋፈጡ አላልኳቸውም። አትሳቁ ነው ያልኩት። «ና በቃ እንሂድ» ብላችሁ ጎትቱት። ይሄን ማንም ይችላል፤ ጓደኛም አያጣላም። ተለማመድነውም። አንዱ ይለክፋል፣ ሌላው ይጎትታል። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ራሳቸው ሌላ ሁኔታ እያመጡ «ይሄኛውንስ እንዴት ነው የምናደርገው?» ማለት ጀመሩ።

ያልሠራልኝም አለ። አንድ ቀን በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጣሁባቸው። ወጥ ካሳረረች፣ ሳትናገር ከወጣች፣ ከተከራከረችው፣ ልጆቹን ችላ ካለች ወይም አልጋ ከከለከለችው፣ ከእነዚህ በአንዱ እንኳ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ያስደነግጣቸዋል ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ አላቸው። «አየህ መምህር፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው!» አፌን ያዝኩ። ቁጥር ከያዝኩ ይበቃኛል ብዬ ሳልዘጋጅ ነው የሄድኩት። በሳምንቱ ያቺን አንቀጽ 620 ላይ የጠየቀችኝን ተማሪ እንድትመልስልኝ ለመንኳት፤ ፈቃደኛ ሆና መጣች። «እናቴን ብትጠይቋት እሷም አዎ ትላለች» አለቻቸው። «አይደለም ብላ የምታድርበት ሌላ ቤት የላትማ።» ከዚያ ወዲህ ያንን ቁጥር ብቻውን አላወጣውም።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ የደረሰባትን ነገረችኝ። ደሜ ፈላ። እሷ ተናግራ ሳትጨርስ ስልክ አነሳሁ። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ቆራጥ አጋር የሆንኩ መስሎኛል። ደብዳቤው ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ፤ ማታውኑ ስሟ ዶርም ለዶርም ዞረ። በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤተሰቧ ሄደች። በዓመቱ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ቢሮዬን ግን አልረገጠችም። አልፈርድባትም። ክስ ልመሥርት አላለችኝም ነበር። የነገረችኝ እንድሰማት ነው።

አሁን በር ዘግቼ አልቀመጥም፤ ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። አዳምጣለሁ። ከዚያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» የጊዜ ጉዳይ የሆነውን ብቻ ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት። አዲስ አበባ ከሆነች ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም፣ ፖሊሱም፣ ዓቃቤ ሕጉም አንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል መኖሩን። መሄድ አለመሄዱን እሷ ትወስናለች። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። አይደለም። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የማደርገው ነገር ሁሉ ከባዱ ነው።

ኳስ ሜዳውን የለመድኩ ሲመስለኝ ደግሞ የመምህራን ክበብ ቀረ። አንድ ባልደረባዬ ስለ አንዲት ተማሪ ቀለደ። ውጤቷ እንዴት እንደተስተካከለላት የሚያወራ ዓይነት ቀልድ ነው፤ የግቢ ሰው ያውቀዋል። ጠረጴዛው ሳቀ። ተማሪዎቼን ያስተማርኩት ትዝ አለኝ። አትሳቁ ብያለሁ። አልሳቅኩም። ግን ያ ሰው ከእኔ ይበልጣል፤ የእድገት ፋይሌም እሱ ጋ ነው። ማንኪያዬን ሻይ ውስጥ ብዙ አማሰልኩት። ስኳሩ ቀድሞ ሟሙቶ ነበር። «ይሄ ቀልድ አይደለም ጋሼ» አልኩት በመጨረሻ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ቀጠነ።

ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ስለ ደመወዝ ማውራት ጀመረ። አሁን ወደዚያ ጠረጴዛ ስጠጋ ወሬው ይቀየራል። ቀልዱ ቆሞ ይሁን ሌላ ጠረጴዛ አግኝቶ አላውቅም። ሻዬን ግን አሁንም እዚያው ነው የምጠጣው።