የፋርማሲው ደረሰኝ

እዚህ አሜሪካ ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ እማማን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸዋለሁ። ዛሬ ከቢሮ ተደወለልኝ። «ሰኞ ጠዋት ክሎክ ኢን ያደረግሽው ከእማማ ቤት አይደለም። የት ነበርሽ?»

ፋርማሲ ነበርኩ። መድኃኒታቸውን ይዤ ልሂድ ብዬ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው ሥራ የጀመርኩበትን ሰዓትና ቦታ የሚመዘግበውን አፕ የነካሁት። አስረዳሁ። «እሺ፣ ማስታወሻ ጻፊበት» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋው ሆዴን ባር ባር አለኝ። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ።

ቢሮው ምን ያድርግ፣ ሕግ ነው። ኦባማ ሥልጣን ሊለቁ አንድ ወር ሲቀራቸው፣ ዲሴምበር 2016፣ ኪዩርስ አክት የሚባል ሕግ ፈርመው ነበር። ዋናው ጉዳዩ የመድኃኒት ምርምር ነው፤ እኛ የሆም ኬር ሠራተኞች መሃል ላይ ተሸጉጠናል። ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍልበት ሥራችን በኤሌክትሮኒክ ይረጋገጥ ይላል። ማን ሠራ፣ ለማን፣ ምን፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። ይህን ያላደረገ ስቴት ከፌዴራል የሚያገኘው ገንዘብ ይቀነስበታል።

ድሮ ወረቀት ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ የሳምንቱን ታይም ሺት፣ የሥራ ሰዓት መሙያውን ቅጽ፣ ዓርብ ማታ ቡና እየጠጣሁ ነበር የምሞላው። ሁሉም ቀን ከ9 እስከ 1። አውቶቡስ አንድም ቀን ያልዘገየብኝ! እማማ ደግሞ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ይፈርማሉ። «አንቺ ካልሽ ልክ ነው፣ ልጄ።»

አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ አንድ ቀን መከረችኝ። «ሁለት ሰዓት ሥሪ፣ ስድስት ሙይ። ለአሮጊቷ 100 ዶላር ጣል ካደረግሽላት ማን ያውቃል?» አላደረግኩትም። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እኛን ሳያውቁን አይደለም ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እማማ ጓዳ አንድ ያልተከፈተ ካርቶን አለ። የወገብ ማሰሪያ ነው። «በነጻ ነው ብለው ደወሉልኝ፣ የሜዲኬር ቁጥሬን ሰጠኋቸው» ይላሉ። ሜዲኬር በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ነው። ኤፕሪል 2019 በእንዲህ ዓይነቱ ማሰሪያ 24 ሰዎች ተከሰው ነበር፤ የኩባንያ ኃላፊዎች፣ ሐኪሞችም ጭምር። ኪሳራው ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ተብሏል። ታካሚውን አይተውት የማያውቁ ሐኪሞች ነበሩ ማሰሪያውን የሚያዙት፤ ሂሳቡ ደግሞ ለሜዲኬር ይላካል። እነሱን ጂፒኤስ አልተከተላቸውም። እኔን ግን ፋርማሲ ድረስ!

ማታ የካፖርቴን ኪስ ስፈትሽ ደረሰኙን አገኘሁት። ተጨማዷል፣ ሰዓቱ ግን ይነበባል፤ 8:52። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በእጄ ዳምጬ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።