የዓሣ ገንዳ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ስኪመር ስትመርጡ

ስኪመር የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳን ቆሻሻ በአረፋ እየለየ ከላዩ ባለ ኩባያ ውስጥ የሚያጠራቅም መሣሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ «እስከ 200 ሊትር» የሚለውን ግማሹን ብቻ እመኑ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዓሣው ጥቂት ለሆነ ገንዳ ነው። ከ40 ሊትር በታች ለሆነ የጨው ውሃ ገንዳማ ብራችሁን አታባክኑ፤ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ መቀየር ይበቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ከገንዳው ጀርባ ያለውን ክፍተት፣ የጠርዙን ውፍረትና ኩባያው ወደ ላይ የሚወጣበትን ቦታ ለኩ። ክዳን ያለው ገንዳ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው።

አዲሱ ስኪመር አንድ ሁለት ሳምንት አረፋ አልይዝ ቢል አትደንግጡ፤ ፕላስቲኩ ላይ የቀረው ቅባት እስኪለቅ ነው። ሲሠራ ቆይቶ አረፋው ከቀነሰ ግን መጀመሪያ የአየር ቱቦውን ጫፍ እዩ፤ ጨው ደርቆ ይደፍነዋል፣ በሙቅ ውሃ ይለቃል። አረፋው ወደ ኩባያው የሚወጣበትን የስኪመሩን አንገት በየሳምንቱ ጥረጉ፤ ቡናማ ዝቃጭ ከያዘው አረፋው ወደ ኩባያው አይወጣም። ፓምፑ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር አቼቶ ያስለቅቀዋል።