ፊሽካው የሚይዘው ሁለተኛውን ነው

ጠንካራ ጨዋታ አያስከፋኝም። ቁመታቸው ሁለት ሜትር የሚያልፍ ሰዎች ቅርጫት ሥር ለአንድ ኳስ ሲዘሉ ክርን ከጎድን ጋር መጋጨቱ የት ይቀራል? እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ሻምፒዮን የሆኑትን የዲትሮይት ፒስተንስ «መጥፎ ልጆች» ብዙ ሰው ሲያወግዛቸው እሰማለሁ። እኔም ተጫዋቻቸውን ቢል ላይምቢርን ወድጄው አላውቅም። ግን ወደ ቅርጫቱ የሚገባ ሁሉ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ነገር የጫረው በሰላም ይሄዳል፣ የተነካው ዞሮ ሲመልስ ፊሽካው ይነፋል።

ዛሬ ማታ የ2007ቱን የሳን አንቶኒዮና የፊኒክስ የፕሌይኦፍ (ሁለት ቡድኖች ደጋግመው ተጋጥመው ተሸናፊው የሚሰናበትበት ምዕራፍ) አራተኛ ጨዋታ እንደገና ከፍቼ አየሁና ደሜ ፈላ። ፊኒክስ ከሜዳው ውጭ ሊያሸንፍ ሰከንዶች ብቻ ቀርተውታል። የሳን አንቶኒዮው ሮበርት ሆሪ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የፊኒክሱን ስቲቭ ናሽን በዳሌው ገጭቶ ከዳኞች ጠረጴዛ ጋር አላተመው። ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበሩት የፊኒክስ ተጫዋቾች አማሬ ስታውደማየርና ቦሪስ ዲያው ተነሥተው ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ማንንም አልነኩም፤ መልሰው ያስቀመጧቸውም የራሳቸው አሠልጣኞች ናቸው። ሆሪ ሁለት ጨዋታ ታገደ፣ እነሱም አንዳንድ። ፊኒክስ አምስተኛውን ጨዋታ ያለ ሁለቱ በሦስት ነጥብ ተሸነፈ፣ በስድስተኛው ተሰናበተ። ሳን አንቶኒዮ ዋንጫውን ወሰደ።

በጠብ ጊዜ ወንበሩን ጥሎ የተነሣ ይታገዳል የሚለው ደንብ ለምን እንደወጣ ይገባኛል። አሥር ሰው የሚጣላበት ሜዳ ላይ ሌላ አሥር ሲጨመር ዳኛ ምን ያደርጋል? ግን ያን ምሽት ጥፋቱን የሠራው ቡድን አንድ ተቀያሪ ሲያጣ የተበደለው ከዋና ኮከቦቹ አንዱን አጣ። ይህን ሒሳብ እስካሁን ልዋጠው አልቻልኩም።

በዳኞቹ ብቻ አልፈርድም። ዓይናቸው ኳሱን ይከተላል፤ የመጀመሪያው ግፊያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኳሱ ርቆ፣ ከጀርባ ነው የሚደረገው። ሕዝቡ ሲጮኽ ዘወር ይላሉ፤ ያን ጊዜ የሚያዩት መልሱን ነው። በታኅሣሥ 1977 ከርሚት ዋሽንግተን የሚባል ተጫዋች፣ ጠብ ሊገላግል የሮጠውን የተጋጣሚ ቡድን ተጫዋች ሩዲ ቶምጃኖቪችን በቡጢ መትቶ ፊቱን ሲሰብረው ሜዳው ላይ የነበሩት ሁለት ዳኞች ብቻ ናቸው። ኤንቢኤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ዳኛ ጨመረ፣ ወዲያው ተወው፣ በ1988 መለሰው። ሦስተኛው ዓይን መጨመሩ ረድቷል፤ ግን ሦስቱም ዓይኖች ኳሱ ላይ ከሆኑ ያው ነው።

የ2016ቱ ፍጻሜ ደግሞ አለ። የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ መሬት ላይ የነበረውን የጎልደን ስቴቱን ድሬይመንድ ግሪንን ተሻግሮት ሄደ። ግሪን እጁን ሰንዝሮ የማይመታ ቦታ መታው። ሜዳ ላይ ከባድ ቅጣት አልተሰጠም፤ በኋላ ግን ሊጉ ቪዲዮውን አይቶ ለግሪን ፍላግራንት አንድ (ከተራ ፋውል የከበደ፣ የቅጣት ነጥብ የሚያስቆጥር ጥፋት) ጻፈበት። በፕሌይኦፉ የያዘው የቅጣት ነጥብ አራት ሞላና አምስተኛውን ጨዋታ ታገደ። ለጄምስ ደግሞ ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ምግባር ጥፋት) ተጻፈበት፤ አንድም ደቂቃ አላሳጣውም። ጎልደን ስቴት ከ3 ለ 1 መሪነት ተነሥቶ ዋንጫውን አጣ። ግሪን ንጹሕ ነው አልልም፣ ያን ሁሉ ነጥብ ያጠራቀመው ራሱ ነው። ግን ከሰው በላይ መሻገር ምን ለማለት እንደሆነ ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል።

ጓደኞቼ «አሁንማ ቪዲዮ አለ» ይሉኛል። አለ፣ ግን ቪዲዮውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍተው የተነፋው ፊሽካ ነው። ከ2019 ጀምሮ አሠልጣኞች ውሳኔ የመቃወም መብት አግኝተዋል፤ የሚቃወሙት ግን የተነፋውን እንጂ ያልተነፋውን አይደለም። ከ2015 ወዲህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሪፖርት የሚባል ነገር በማግስቱ ይወጣል፤ ያመለጠውን ፋውል በጽሑፍ ያምናል፣ ውጤቱ ግን እዚያው ነው። ለተሸናፊ ደጋፊ ከዚያ የባሰ የሚያቃጥል ንባብ የለም።

በ2024/25 ያመጡት ማሻሻያ ግን ደስ ብሎኛል። ኳሱ ከማን ወጣ የሚለው ውሳኔ ላይ ተቃውሞ ሲቀርብ፣ ከመውጣቱ በፊት በዚያው ንክኪ ያመለጠ ፋውል ከታየ ዳኞቹ እንዲይዙት ተፈቀደ። ጠባብ በር ናት፤ ለኳስ መውጣት ብቻ የተከፈተች። ለጠብም ቢከፍቱልኝ እወዳለሁ፤ ቪዲዮውን ከመልሱ ሳይሆን ከአሥር ሰከንድ በፊት ይጀምሩትና መጀመሪያ የገፋው ማን እንደሆነ አብረን እንይ።