በመጋቢትና በሚያዝያ ዝዋይ ዳር ወፍ የማይበት መንገድ

ከመጋቢት መግቢያ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ነዋሪውና መንገደኛው ወፍ ይደባለቃል። እኔ የምከታተለው በጋውን እኛ ዘንድ ከርሞ ወደ አውሮፓና እስያ ለመመለስ የሚሰናዳውን ነው፤ አባ ኮዳና ፔሊካን ዓመቱን ሙሉ ይታያሉ፣ ዓሣ በሚጠረግበት ሁሉ አሉ።

ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ያለችው በዝዋይ ሐይቅ ምዕራብ ዳር ነው። ስለዚህ ጠዋት ከጀልባ መነሻው ወደ ውሃው ያየ ሰው ፀሐይ ፊቱ ላይ ትወጣበታለች፤ ወፉ ሁሉ ጠቁሮ ቅርጹ ብቻ ይቀራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ፊላው ዳር ሆኜ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ነው የማየው። ወደ ክፍቱ ውሃ የምዞረው ከሰዓት 10 ሰዓት ሲያልፍ፣ ፀሐይ ከጀርባዬ ስትሆን ነው። ታንኳ ግን ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ በሚዋልል ታንኳ ላይ ባይናኩላር ምንም አያሳይም። ባለታንኳው ጉማሬ ፈርቶ ፊላው አጠገብ አልደርስም ካለ አይከራከሩት።

8 በ42 ባይናኩላር (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 12 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል።

የሚያስቸግሩት ጭቃ ላይ የሚለቅሙት ትንንሾቹ ናቸው። ላባ የሚቀይሩበት ወቅት ስለሆነ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ልክ የሚገጥም እምብዛም አይገኝም፤ ቀለምን መጨረሻ ላይ አድርጌ ከእግር፣ ከምንቃርና ከአረማመድ እጀምራለሁ። ኮመን ሳንድፓይፐር ጭራውን ከነወገቡ ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የሆዱ ንጣት በደረቱና በክንፉ መሀል እንደ ሽብልቅ ወደ ላይ ይገባል። ዉድ ሳንድፓይፐር እግሩ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከዓይኑ በላይም ረጅም ነጣ ያለ መስመር አለው። ግሪን ሳንድፓይፐር የሚለየው ብድግ ሲል ነው፤ ከክንፉ ሥር ጥቁር፣ ከጭራው በላይ ነጭ። ረፍ የሚባለው ደግሞ ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚገዝፍ ሁለት ዝርያ ተብሎ ይመዘገባል።

ለኔ የወቅቱ ምርጥ እይታ ያለው ግን ከውሃው ወጣ ብሎ፣ ከብት የሚግጥበት መስክ ላይ ነው። የሎ ዋግቴይል የሚባለው ትንሽ ወፍ ላሟ ስትራመድ የሚነሳውን ነፍሳት ለመልቀም ከሰኮናዋ ሥር ይሯሯጣል። የወንዶቹ ሆድ በዚህ ጊዜ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ራሳቸው ግን እንደሚፈለፍሉበት አገር ይለያያል፣ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ቢጤ። ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ አልጽፍም፤ የራስ ቀለሙን ለየብቻ እመዘግባለሁ። መንጋው ትልቅ ከሆነ አሥር ወፍ ቆጥሬ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ አይና በዚያ ልክ እገምታለሁ።

የበልግ ዝናብ ደህና አድርጎ ከጣለ ጭቃው በውሃ ይሸፈናል፣ ወፉም ማሳ ላይ ወዳቆረው ውሃ ይበተናል፤ ያን ቀን ሐይቁን ትቼ ማሳውን ነው የምዞረው። ቢሾፍቱ አጠገብ እንዳለው ጨለለቃ ባለ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ዳር ደግሞ ጭቃው ላዩ ደርቆ ሥሩ ልል ሊሆን ይችላል። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ውሃ ከያዘ ከዚያ አላልፍም።