ከቀጠሮው ይልቅ የማመልከቻው ቀን

ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ከኤምባሲ የሚሰጠው ቪዛ ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያገለግል ነው። ትምህርቱን የሚከታተልበትን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኘው እዚህ ከደረሰ በኋላ፣ በሚኖርበት ከተማ ካለው የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም «አውስሌንደርቤሆርደ» ከምንለው ነው። ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር ከአዲስ ተማሪዎች የምሰማው ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው፤ ቪዛው ሊያልቅ ተቃርቧል፣ ቀጠሮ ግን አልተገኘም።

የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ቪዛው ወይም ፈቃዱ ሳያልቅ ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የነበረው ፈቃድ እንደ ጸና ይቆጠርለታል። ስለዚህ ወሳኙ የቀጠሮው ቀን ሳይሆን ማመልከቻው የገባበት ቀን ነው። «ቀጠሮ ስጡኝ» ብቻ የሚል ኢሜይል ልኮ መጠበቅ በኋላ ክርክር ሊያስነሳ ስለሚችል፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ ብሎ በግልጽ መጻፍ፣ ማስረጃዎቹን ማያያዝና መላኩን የሚያረጋግጠውን መልስ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቀጠሮ በገንዘብ እናስገኛለን ለሚሉ ደላሎች ግን አምስት ሳንቲም መክፈል አይገባም።

ውሳኔው ሲዘገይ የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት «ፊክትሲዮንስቤሻይኒጉንግ» ይባላል። ለፋሲካ ወይም ለእረፍት አገር ቤት ለመሄድ ያሰበ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት በወረቀቱ ላይ ምልክት የተደረገበትን ንዑስ አንቀጽ ያንብብ። አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 4 ከሆነ ወጥቶ መመለስ ይችላል፤ ንዑስ አንቀጽ 3 ከሆነ ግን እዚህ መቆየት እንጂ በዚያ ወረቀት ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም። ልዩነቱ አንዲት ምልክት ብቻ በመሆኗ ብዙ ሰው ልብ አይላትም።

ከማስረጃዎቹ መካከል አድራሻ ማስመዝገብ፣ የጤና መድን፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባና ፎቶግራፍ ብዙም አያስቸግሩም፤ የአድራሻው ምዝገባ ቤት በተገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ መፈጸም እንዳለበት ማወቁ ይበቃል። የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የሚጠየቀው ዝግ ሂሳብ፣ ማለትም አስቀድሞ ገንዘብ ተቀምጦበት በየወሩ የተወሰነው ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ፈቃድ ሲታደስ ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ እንደገና በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የነፃ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ ወይም ጀርመን የሚኖር ዘመድ በመሥሪያ ቤቱ ቀርቦ የሚፈርመው የዋስትና ሰነድ ያገለግላል፤ በብዙ ከተሞችም የሥራ ውልና የደመወዝ ወረቀት ይታያል። ይህን ባለማወቅ ከየሰው የሚበደረውን ተማሪ ሳይ አዝናለሁ።

በደመወዝ የሚተማመን ሰው የሥራ ገደቡንም ማስላት አለበት። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀዳል፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ለእኛ የሚብሰው ሌላው ጉዳይ ፓስፖርት ነው። ፈቃዱ በአብዛኛው ፓስፖርቱ ከሚያበቃበት ቀን አያልፍም፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ ሊያልቅ የተቃረበ ተማሪ አጭር ፈቃድ ተቀብሎ ብዙም ሳይቆይ ክፍያውንና ወረፋውን እንደገና ይጀምራል። የፓስፖርት እድሳቱን በርሊን ባለው ኤምባሲያችን ወይም ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላ አስቀድሞ መጀመር ይሻላል።

መሥሪያ ቤቱ መልስ ሲነፍግ መጀመሪያ የሚኬድበት የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በቀጥታ የሚጻጻፉ ሠራተኞች ያሏቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከዚያ ባለፈ «ሽቱዲረንደንቬርክ» የተባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ማኅበራዊ ምክር ይሰጣል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የተማሪዎች ምክር ቤት ነፃ የሕግ ምክር ያዘጋጃል። እምቢታ በደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን ቀን መቁጠር አለበት፤ ይግባኝ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ሲሆን፣ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተጽፎ ይገኛል።